ጋቢ ለብሶ አክራ

አዲስ አበባን ለቆ የሚሄድ ቤተሰብ ሻንጣ ውስጥ የማይገባለት አንድ ንብረት አለው፤ ከፍታው። በርበሬው ይታሸጋል፣ ሽሮው ይታሸጋል፣ ጀበናው በፎጣ ተጠቅልሎ ከልብስ መሃል ይጋደማል። ከባሕር ወለል በላይ ያለው 2300 ሜትር ግን ቦሌ ላይ ይቀራል። ሊሸኝ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ «እንጀራ እንዴት ልታደርጉ ነው?» ብሎ ይጨነቃል እንጂ ስለ ከፍታ የሚጠይቅ የለም። ባለቤቴ አክራ ሥራ አግኝታ፣ እኔ ባል ነኝና ተከትያት፣ ልጆቹ ደግሞ ማንም ሳያማክራቸው ጋና ስንገባ፣ ሚዛን ላይ ኪሎ በኪሎ ተከራክረን ያሳለፍነው ዕቃ በሙሉ ደጋ ላይ የተሠራ፣ ለደጋ የተሠራ ነበር።

መጀመሪያ የከዳን ምስር ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ባሕር ጠረፍ ላይ በተቀመጠችው አክራ ግን መቶውን ሞልቶ ነው የሚፈላው። ስምንት ዲግሪ ለፊዚክስ መምህር ቁጥር ነው፣ ለወጥ ሠሪ ግን ስልክ የሚደወልበት ጊዜ ነው። ባለቤቴ ምስሩን ጥዳ ለእህቷ ትደውላለች፤ ወሬው ገና ከሰላምታ ሳያልፍ ምስሩ ምስርነቱን ትቶ ገንፎ ይሆናል። ንጥር ቅቤያችንም ቢሆን ከሸገር ከወጣ ጀምሮ ረግቶ አያውቅም፤ በማንኪያ ይጫር የነበረው አሁን ይቀዳል።

የሊጡ ግን ከሁሉ ይብሳል። አዲስ አበባ ላይ ሊጥ ሦስት ቀን፣ ክረምት ከሆነም አራት ቀን መተኛት መብቱ ነው። አክራ ላይ ማታ የተቦካ ሊጥ ጠዋት ክዳኑን ገፍቶ፣ ከባልዲው ወርዶ፣ ወለሉ ላይ ይጠብቀናል። ባለቤቴ ሌሊት በማንቂያ ደወል እየተነሣች ልክ እንደ አራስ ልጅ ታየው ነበር። አከራያችን አንድ ቀን ገብተው በጣታቸው ቀመሱና «ይህማ የኛው ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጋናዎች የበቆሎ ሊጥ አቡክተው፣ እስኪጎመዝዝ አቆይተው፣ ጋዎቹ በበቆሎው በራሱ ቅጠል፣ ፋንቲዎቹ ደግሞ በፕላንቴን ቅጠል ጠቅልለው ይቀቅሉታል፤ ኬንኬ ይባላል። ሴትዮዋን የገረማቸው ሊጡ ሳይሆን ጠፍጣፋ አድርገን ማበላሸታችን ነው።

ምጣዱ ሲሰካ ኤሲው መጥፋት አለበት። ሁለቱ አብረው ከበሩ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪው ቁጥር ዓይናችን እያየ ይወርዳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጋናዎች ዱምሶር ብለው ያማርራሉ፣ የሠፈሩ ፈረንጆችም በረንዳ ላይ ወጥተው ይጯጯኻሉ። እኛ ለዚህ ፈተና ብቻ በሚገባ ተዘጋጅተን ነው የመጣነው፤ ሻማው የት እንዳለ ትንሿ ልጄ እንኳ በጨለማ ታውቃለች።

ስለ ሐሩር አገር የምናወራው ብዙው ነገር ከፊልም የተገኘ ነው። ዝናብ ሌት ተቀን ይወርዳል ብለን ጃንጥላ ተሸክመን መጣን። አክራ ግን በዓመት የምታገኘው ዝናብ 800 ሚሊ ሜትር ቢሞላ ነው፤ አዲስ አበባ 1100 ታልፋለች። እርጥበቱ ከላይ አይመጣም፣ ከባሕሩ ነው የሚመጣው፣ ሳይጠራ። ጨው ድንጋይ ይሆናል። ጫማ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደተቀመጠ አረንጓዴ ጢም ያበቅላል። የሠርጌን ሱፍ ለአንድ ግብዣ ብዬ ባወጣው ከአንገትጌው እስከ ኪሱ ሻግቷል። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ አየችውና «ሠርጋችን ሻገተ በለኛ» አለች። ይህን ስትል ፈገግ ማለቷን ለመግለጽ እወዳለሁ።

አዲስ አበባ ያሉት አማቴ ከዚህ ሁሉ አንዱም አላሳሰባቸውም። የሳቸው ጭንቀት አንድ ነው፤ ወባ። ድሮ የደጋ ሰው ቆላ ወርዶ ሲያርስ ውሎ ጀምበር ሳትጠልቅ ሽቅብ ይወጣ እንደነበር እየጠቀሱ በየሳምንቱ ይደውላሉ። «ማታ ማታ ወጣ በሉ እንጂ» ይላሉ። እማማ፣ ወዴት እንውጣ? እንግሊዞችም ጋናን «ጎልድ ኮስት» ብለው ሲገዙ ይኸው ጨንቋቸው፣ በ1875 እ.ኤ.አ. ከአክራ ወደ ሰሜን አቡሪ ኮረብታ ላይ ለሹሞቻቸው ማገገሚያ ሠርተው ነበር። ያ ሁሉ ሽቅብ ግን 500 ሜትር አይሞላም፤ የኛ ሰው ኮረብታ ብሎ እንኳ አይቆጥረውም። አማቴ መፍራታቸው ያለ ነገር አይደለም፤ በ1950 እና በ51 ዓ.ም. አገር ቤት ወባው ወደ ደጋው ጠርዝ ወጥቶ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደጨረሰ ሲገመት እሳቸው የአሥራ ሦስት፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ስለዚህ ወንዱ ልጄ ወባ ያዘው ሲባሉ ሱባዔ ገቡ፣ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳሉ። ልጁ ምርመራው በደቂቃዎች ታይቶለት፣ የሦስት ቀን ክኒን ተሰጥቶት፣ እሳቸው የማኅበራቸውን ሰዎች አሰባስበው ሳይጨርሱ ኳስ ሜዳ ነበር። የትምህርት ቤቱ መምህርት ስደውልላቸው «ወባ ነው? አይዞት፣ ሰኞ ይምጣ» ብለው ዘጉ። እማማ ይህን ሲሰሙ ልጁን የሚያሳድግ ሰው እንደሌለ አረጋግጠው ቲኬት ቆረጡ።

ሲመጡ ሻንጣቸው ውስጥ ጋቢ ነበረ። አንድ አይደለም፤ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ፣ ለራሳቸውም አዲስ። ውጭው 31 ዲግሪ ነው። ባለቤቴ አመስግና ተቀበለች፤ እኔም እጅ ነሣሁ። ሁለት ቀን ያህል በረንዳ ላይ ተቀምጠው በነጠላ ጫፍ እያራገቡ ዝም አሉ። በሦስተኛው ቀን የኤሲውን መቆጣጠሪያ ልጁ አሳያቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእንግዳው ክፍል 16 ዲግሪ ነው። እማማ በሩን ይዘጋሉ፣ ጋቢያቸውን ይደርባሉ፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ልጆቹም የየራሳቸውን ጋቢ ለብሰው የቤት ሥራቸውን እዚያው መሥራት ጀመሩ። ቡናው ሳይቀር እዚያ ገባ። በሩን ከፍቶ የሚገባ ሰው እንጦጦ የደረሰ ይመስለዋል። አንድ ወር የመብራት ሒሳቡን አይቼ፣ በተቻለኝ ትሕትና፣

«እማማ፣ ኤሲውን ትንሽ ብንቀንሰው እኮ ጋቢውን ማውለቅ ይቻል ነበር» አልኩ።

«ጋቢውን አውልቄ ምን ልልበስ?» አሉ።

ለዚህ መልስ ያለው አማች ካለ ይጻፍልኝ።

ሰዓታቸውንም አልቀየሩም። የእጅ ሰዓታቸው አዲስ አበባ ነው፣ ያውም በኛ አቆጣጠር። አክራ ከአዲስ አበባ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ግን ስልኬ 9 ሲል የሳቸው ሰዓት 6 ስለሚል እማማ እስከዛሬ የሚያምኑት ጋና እንደቀደመችን ነው። ላስረዳቸው ሞክሬ የዓለም ሰዓት የሚቆጠርበት የግሪንዊች መስመር እዚሁ አጠገባችን ቴማ ከተማን ሰንጥቆ እንደሚያልፍ ብነግራቸው «እንግሊዝ ድሮም ሰው አገር ላይ መስመር ማስመር ይወዳል» ብለው ነገሩን ዘጉት። ይህንንም መከራከር አይቻልም።

አከራያችን እዚያው ግቢ የሚኖሩ፣ የእማማ እኩያ የሆኑ መበለት ናቸው። ሁለቱ የጋራ ቋንቋ የላቸውም፤ ይህም ወዳጅነታቸውን በጣም ረድቶታል። በተዋወቁ ዕለት ሴትዮዋ በእኔ በኩል የጠየቁት ዕድሜም ሃይማኖትም አልነበረም፤ በምን ዕለት እንደተወለዱ ነው። አካኖች ልጅ ሲወለድ የዕለቱን ስም ይሰጡታል። ክዋሜ ንክሩማ የቅዳሜ፣ ኮፊ አናን የዓርብ ልጅ መሆናቸውን ስማቸው ራሱ ይናገራል። የኔም ልጆች ገና በገባን ሳምንት ወንዱ ኮፊ፣ ሴቷ አማ ተብለው ነበር። እማማ ጥያቄው ቀላል ሆኖ አገኙት።

«የኅዳር ሚካኤል ማግስት» አሉ።

«እሱ ቀኑ ነው። ዕለቱስ?»

«ዕለቱ ምን ያደርግላቸዋል? ጣሊያን በወጣ በአራተኛው ዓመት፣ የሚካኤል ማግስት። የድግሱ ድንኳን ገና አልፈረሰም ነበር።»

ይህን ለሴትዮዋ ስተረጉም አዘኑ። የተወለዱበትን ዕለት የማያውቁ ሴት፣ እናት አልነበራቸውም ማለት ነው? እማማም በበኩላቸው ታቦቱን ሳይጠይቅ ዕለት ለሚጠይቅ ሕዝብ አዘኑ። ስልኬን አውጥቼ ኅዳር 13 ቀን 1937 ዓ.ም.ን በፈረንጅ አቆጣጠር ብመነዝረው ረቡዕ ሆኖ ተገኘ። ሴትዮዋ አጨብጭበው «አኩዋ!» ብለው አቀፏቸው። እማማ ግን ስሙን አልሰሙትም፤ በረቡዕ ተደንቀው ቀርተዋል። «የጾም ቀን! አየህ አይደል?» ይሉኛል፤ ዕድሜ ልካቸውን የጾሙት ሁሉ አሁን ገና ሥሩ ተገኘ። በጋናዎች ተረት ያ አታላይ ሸረሪት፣ ክዋኩ አናንሴም፣ የረቡዕ ልጅ መሆኑን የነገራቸው የለም። ቤታችን ውስጥ ይህን የሚደፍር አልተገኘም።

ጾሙ ራሱ ችግር አልነበረውም። ባቄላ በዘንባባ ዘይት ተሠርቶ ከተጠበሰ ፕላንቴን ጋር የሚቀርበው ሬድ ሬድ የተባለው ምግብ ዓርብ ዓርብ የቤታችን ሆነ፤ እማማም «ይኼስ ክርስቲያን የሠራው ነው» ብለው መሰከሩ። ጣጣው ዓሣ ነው። ሺቶ የሚሉት ጥቁር ማባያ (የሚረጨው አይደለም፣ የሚበላው) ውስጡ ደረቅ ዓሣና ሽሪምፕ አለበት፤ ብዙው ወጥም እንደዚያው። እማማ መንገድ ዳር ሩዝና ባቄላ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ቆመው ዓሣ እንዳይገባበት ለማስረዳት መዳፋቸውን አጋጥመው በአየር ላይ ዋኙ፣ ጉንጫቸውን ነፉ፣ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሻጯ ከሁሉም የመጀመሪያውን ብቻ ይዛ አንድ ትልቅ ዓሣ መርጣ ከላይ አስተኛችላቸው።

ስለ ነውር ሲሆን ግን ሁለቱ አሮጊቶች የአንድ መጽሐፍ ልጆች ናቸው። ልጄ ግራኝ ነው። አዲስ አበባ «በዘመናዊ አስተዳደግ» ብለን አሸንፈን የተውነውን ጉዳይ ጋና እንደ አዲስ ከፈተችብን፤ በግራ እጅ መስጠት፣ መቀበል፣ ሰላም ማለት፣ አቅጣጫ ማሳየት እንኳ እዚህ ስድብ ነው። ብስኩት በግራው ሲዘረጋ አንዷ በትዊ፣ ሌላዋ በአማርኛ እኩል ይጮኹበታል። በእራት ሰዓት የሚያልፍን ሰው መጥራትም ያው ነው፤ እኛ «እንብላ» የምንለውን እነሱም ይላሉ፣ አላፊውም እንደኛው አመስግኖ ያልፋል። ልጁ በበኩሉ የነፃነት ቀናቸውን ሲያከብሩ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴውን ባንዲራ አይቶ «የኛን ወስደው ኮከብ ለጠፉበት» ብሎ ክፍል ውስጥ ክርክር አነሣ። አልተሳሳተም፤ በ1957 እ.ኤ.አ. ጋና ነፃ ስትወጣ ቀለሞቹን ያየችው ከኢትዮጵያ ነው። መምህርቷ ግን ንክሩማ ሐውልታቸው አዲስ አበባ፣ አፍሪካ ኅብረት ግቢ ውስጥ መቆሙን አስታውሰው ሒሳቡን አቻችለው ለቀቁት።

ከሠፈራችን ጀርባ ጸሎት ቤት አለ። ዓርብ ማታ ከበሮው፣ ጊታሩና ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ የሚዘጋው ሲነጋ ነው። ከአውሮፓ የመጡት ጎረቤቶቻችን ጆሯቸው ውስጥ ስፖንጅ ይወትፋሉ። አዲስ አበባ ከደብር አጥር ሥር የኖረ ሰው ግን ለዚህ ክትባቱን ወስዷል፤ እማማ በሃሌ ሉያው መሃል እንደ ሕፃን ይተኛሉ። ችግር የመጣው በግንቦት ነው። የአክራ ባለአገሮች ጋዎች ሆሞዎ ከሚባለው በዓላቸው በፊት ለአንድ ወር ያህል ከበሮና ጩኸት ያግዳሉ፤ ጸሎት ቤቱም ድምፁን ይቀንሳል። ከተማዋ ጸጥ አለች፣ እማማም እንቅልፍ አጡ። ሌሊት ኮሪደር ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው አግኝቼያቸው «ምን ሆነው ነው?» ብል «ሰዉ የት ሄደ?» አሉኝ።

ሐርማታን የሚሉት የሰሐራ ነፋስ በታኅሣሥና በጥር አቧራውን ይዞ ሲመጣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል። 22 ዲግሪ ላይ የግቢው ዘበኛ የሱፍ ኮፍያ አጠለቀ፣ አከራያችን ሹራብ ደረቡ፤ ያን ጊዜ እማማ የራሳቸውን ትርፍ ጋቢ አውጥተው አለበሷቸው። አክራ ውስጥ ጋቢ የሚፈልግ ሰው መገኘቱን ዘላለም ይጠቅሱብኛል።

ለአንድ ወር የመጡት ሰው ቪዛቸው ሁለቴ የታደሰው በልጆቹ ምክንያት ነው ብሎ የሚያምን አለ። እኔ ምክንያቱ ለቅሶ ነው እላለሁ።

የአከራያችን ታላቅ እህት ዘጠና አልፈው ዐረፉ። ወሬው እንደተሰማ እማማ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ደጃፉ ላይ ቆመው ሙሾ አወረዱ። አከራያችን መርዶውን በስልክ ሰምተው፣ በዝምታ ሻይ እያፈሉ ነበር፤ አንዱንም ቃል ሳያውቁ እማማ ትከሻ ላይ ወድቀው አለቀሱ። እስከዚህ ድረስ ሁለቱም ያውቁታል። ከዚያ እማማ ቀብሩ ነገ በስንት ሰዓት እንደሆነ አስጠየቁኝ። ቀብሩ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ፣ ቅዳሜ ነው። አስከሬኑ እስከዚያ በማቀዝቀዣ ይቆያል፤ ዘመድ ከለንደን መምጣት፣ ጨርቅ መሰፋት፣ ፎቶግራፋቸው ያለበት ትልቅ ፖስተር በየአጥሩ መለጠፍ አለበት። እማማ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። «አርባዋን ሳትቀበር ልታወጣ ነው?» አሉ።

የቀብሩ ቅዳሜ የደረሰ ዕለት ግን ቀድሞ የለበሰው ማን እንደሆነ ይገመታል። ረጅም ዕድሜ ለኖረ ሰው ነጭና ጥቁር ነው የሚለበሰው፤ አከራያችን የቤተሰቡን ጨርቅ ለእማማም አሰፍተውላቸዋል። እማማ የበቆሎና የባቄላ ንፍሮ በትልቅ ድስት አስይዘውኝ ሄድን። ድንኳኑና የፕላስቲክ ወንበሩ የኛ ዕድር የላከው ይመስላል። ደንቡ ደራሽ ከቀኝ ጀምሮ የተቀመጠውን ሁሉ በየተራ እየጨበጠ ማለፍ ነው። እማማ ከቀኝ ጀመሩ፤ ግን መጨበጥ አላጠገባቸውም፣ እያንዳንዱን ሽማግሌ ጉንጭና ጉንጩን መሳም ያዙ። ረድፉ ረጅም ነው። ከኋላችን ሰልፉ እስከ መንገዱ ተዘረጋ፤ ሽማግሌዎቹ ግን አልተቃወሙም፣ እንዲያውም መሃል ላይ የነበሩት አንዱ ቦታ ቀይረው ጫፍ ላይ ድጋሚ ደረሷቸው።

ቀጥሎ ገንዘብ መስጫው መጣ። ጠረጴዛ፣ መዝገብ፣ ጸሐፊ፣ ይህም የኛው ነው። የሰጠ ሰው ግን ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ በዚያው ቅጽበት ማይክራፎን የያዘው ሰው ስሙንና የሰጠውን መጠን ለሕዝቡ ያውጃል። እማማ መቶ ሲዲ አወጡ። «አኩዋ፣ ከኢትዮጵያ፣ መቶ ሲዲ!» ድንኳኑ አጨበጨበ፣ ሙዚቀኞቹም አንድ ነገር መቱላቸው። ደረሰኙን አጥፈው መሐረባቸው ውስጥ ቋጠሩት። ከዚያ በኋላ የሰሙት ስብከትም፣ ዘፈንም፣ የታሸገው ጆሎፍ ሩዝም አልነበረም፤ ዓይናቸው ከማይክራፎኑ አልተነቀለም።

ማታ ቤት እንደገባን ለዕድራቸው ዳኛ እንድደውል አዘዙኝ። አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው ብል «ለዕድር ጉዳይ ይነሣል» አሉ። ተነሡም። እማማ ኤሲያቸውን ከፍተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ነገሩን ከደረሰኙ እስከ ጭብጨባው ዘርዝረው አስረዱ፤ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በአጀንዳ እንዲያዝም ጠየቁ። ዳኛው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ስልኩን ላየው ስል ድምፃቸው መጣ።

«እትዬ፣ ያልከፈለውም በማይክ ይጠራል?»

«እሱን ነው እንጂ እኔ የወደድኩት» አሉ እማማ።